ስድስቱ ቀይ ሪባኖች

ሰኞ 3

አዛዡ ዛሬ ጠዋት ሳይጠሩ መጡ። አዛዡ እላለሁ እንጂ የተዋጊ አውሮፕላን ስኳድሮናችን ከተበተነ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የሚያዙት አንዲት ድመት ብቻ ናት፣ እሷም አትሰማቸውም። ያም ሆኖ በሩን ስከፍት እጄ ሳላዘው ወደ ግንባሬ ሄደ። እሳቸውም አልሳቁብኝም፤ ሰላምታውን መለሱልኝ።

ነገሩ ይሄ ነው። ከሞት የተረፍነው ልንሰበሰብ ነው። ዝናቡ ሲያባራ፣ የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ አሮጌው ቤዝ በር ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ይቆማል። የስኳድሮኑ ታሪክም ተጽፎ በዚያ ቀን መነበብ አለበት። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ አንባቢውም እኔው።

“ጌታዬ፣ እኔ መካኒክ ነኝ” አልኳቸው። “ብሎን እንጂ ቃል ማጥበቅ አልችልም።”

“ደብተሮችህስ?” አሉኝ።

እዚህ ላይ ያዙኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የትኛው አውሮፕላን መቼ ተነሳ፣ ማን አበረረው፣ ምን ጎደለው፣ ሁሉንም በኪስ ደብተር እጽፍ ነበር። አልጋዬ ሥር በካርቶን አሉ። እሺ አልኩ። እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ሊያስፈልግ ነው፤ ምክንያት ደግሞ አልነበረኝም።

ማክሰኞ 4

ሁለት ደብተር ገዛሁ። ባለ ጠንካራ ልባሱ ለታሪኩ፣ ይሄኛው እዚያ ለማይገባው። እህቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አይታ፣ “የትኛው ነው የውሸቱ?” አለችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌው ግን ያለው ምላሷ ላይ ነው። እሷ አላገባችም፣ እኔ ሚስቴን ቀብሬያለሁ፤ ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ነው አብረን እየኖርን አብረን የምንነታረከው።

ረቡዕ 5

አሮጌው ቤዝ ሄድኩ። ጭጋግ ወርዶ ነበር። ዘበኛው ማን ነህ አላለኝም፤ መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ መስዬው አዘነልኝ መሰል “ቀስ ብለው ይሂዱ” ብቻ አለኝ።

አውሮፕላኖቹ ያድሩበት የነበረው ሀንጋር የቤት ዕቃ መጋዘን ሆኗል። ቁጥር አራት የምንለው አውሮፕላን ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አዳዲስ ቁም ሳጥኖች ፕላስቲክ እንደለበሱ ተደርድረዋል። መሬቱን አየሁት። የዘይቱ እድፍ አለ። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላም አለ፤ አንዱ ቁም ሳጥን ግማሹን ረግጦታል።

መንደርደሪያው ላይ ደግሞ መኪና መንዳት ያስተምራሉ። ትንንሽ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው በጭጋጉ ውስጥ ተከታትለው በቀስታ ይሄዳሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ዞረው ይመለሳሉ። ቆሜ ብዙ አየኋቸው። አንዷ ፈጠን ያለች ጊዜ ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ጠበቅኩ።

ከመንደርደሪያው ጫፍ ማዶ ያለው ረግረግ ድረስ አልሄድኩም። ጫማዬ ውሃ ያስገባል።

ቅዳሜ 8

ሙሉ ቀን ዘነበ፤ ሙሉ ቀን ጻፍኩ። እጄ ደክሟል፣ ልቤ ግን ሞቅ ብሎታል።

በአሥራ ሁለት አውሮፕላን መጀመራችንን ጻፍኩ። አርማችን ጭልፊት መሆኑን ጻፍኩ። የሳለው ጥይት ጫኛችን ነው፤ ወሬ ከሦስት ክፍል ርቀት ስለሚሰማ ራዳር የምንለው። ጭልፊቱ ተስሎ ሲያልቅ ዶሮ ሆኖ ተገኘ። አዛዡ ዝም ብለው ብዙ አዩትና “ይሁን፣ ቢያንስ ወፍ ነው” አሉ። ሌሎቹ ስኳድሮኖች “ዶሮ እርባታ” ይሉን ነበር። እኛ ግን ያቺን ዶሮ ደረታችን ላይ ለጥፈን ስንሄድ መሬት አትበቃንም ነበር።

መበተናችንንም ጻፍኩ። አንድ ከሰዓት ብቻ ነው የፈጀው። በሰልፍ ቆመን አንድ ገጽ ወረቀት ተነበበልን፤ መፍቻዎቻችንን ቆጥረን አስረከብን፣ ቱታችንን አጣጥፈን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥን። ያኔ የሚበሩት አምስት ብቻ ነበሩ። በሳምንቱ ክንፋቸውን ቆርጠው በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ራዳር ከቁርጥራጩ ላይ ዶሮዋን ሲያይ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እፎይ ያልኩ ይመስለኛል፤ ይሄን ግን በታሪኩ ውስጥ አልጻፍኩትም።

ከዚያ ስለ ፒኖቹ። ስለ ፒኖቹ ያልጻፈ ስለ እኛ ጻፈ አይባልም። ተዋጊ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ፒን በምንላቸው ስድስት የብረት መሰኪያዎች ይቆለፋል። ሦስቱ ጎማዎቹ እንዳይታጠፉ፣ አንዱ መሣሪያው እንዳይተኩስ፣ አንዱ የላይኛው መስታወት እንዳይፈናጠር፣ አንዱ ወንበሩ እንዳይወነጨፍ። ወንበሩ ሥሩ ባሩድ አለው። አብራሪው የጨነቀው ጊዜ በጉልበቶቹ መሃል ያለውን እጀታ ይስባል፤ ወንበሩ ከነሰውየው ወደ ሰማይ ይወጣና ጃንጥላ ይዘረጋል። ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለው ፒን ካልተነቀለ ግን ቢስብም ወንበሩ ንቅንቅ አይልም። እያንዳንዱ ፒን ክንድ የሚያህል ቀይ ሪባን ታስሮበታል፣ እንዳይረሳ።

ከመነሳቱ በፊት መካኒኩ ስድስቱን ይነቅልና ከግራው ክንፍ ፊት ቆሞ ሪባኖቹን ባንድ እጁ አንጠልጥሎ ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ ስለሚጮህ መነጋገር የለም። አብራሪው በጣቱ ይቆጥራል፤ ስድስት ሲሞላ አውራ ጣቱን ያነሳል። አለቀ፣ ይሄዳል። በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ሰውየው እኔን፣ እኔ ሰውየውን እንዲህ እንተያይ ነበር። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አምኖ አይቶኝ አያውቅም፤ ሚስቴም ጭምር፣ ነፍሷን ይማር።

ፉጨት ብቻ አውራ ጣቱን አያነሳም ነበር። ፉጨት የቁጥር አራት አብራሪ ነው። ቆጥሮ ሲጨርስ ከንፈሩን አሹሎ ያፏጫል፤ እንደማይሰማኝ እያወቀ። የእሱን ምዕራፍ ገና አልጀመርኩትም። እስክሪብቶዬ ቀለሙ እያለቀ ነው።

ማክሰኞ 11

ራዳር መጥቶ ሄደ። አሁን መውጣት አለብኝ፤ ባጭሩ።

“የፉጨት ባለቤት ትመጣለች አሉ” አለኝ።

“ትምጣ።”

“እሷ እኮ እስካሁን ‘የገደልኩት እኔ ነኝ’ ትላለች አሉ።”

“ማን ነው ያለው?”

“ሁሉም ነዋ!”

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። እኔም የራሴን አልጨረስኩም። ፉጨት የወደቀ ጊዜ አጣሪዎቹ የጻፉት ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ጠፋ፤ ለመውጣት የሚበቃ ከፍታ ነበረው፤ ወንበሩ ደህና ነው፤ አብራሪው ለመውጣት አልሞከረም። የተጻፈው ይሄ ነው። እኔ ምን ልጨምርበት።

ዓርብ 14

ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ሸለብ አደረገኝ። ሀንጋሩ ውስጥ ነኝ። ቁም ሳጥኖቹ በየተራ ይከፈታሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አብራሪ ቀበቶውን ታጥቆ ተቀምጧል። ሁሉም ወጣቶች ናቸው፣ ሁሉም እኔን ይጠብቃሉ። ሪባን እነቅላለሁ፣ ከሥሩ ሌላ ሪባን ይወጣል፤ እሱን ስነቅል ሌላ። ፉጨት በጣቱ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ዝም ብሎ ያየኛል። አይቆጣም። የሚቀጥለውን ነው የሚጠብቀው።

የነቃሁት በሞተር ድምፅ ነው። የእህቴ የስፌት መኪና ነበር።

“በሕልምህ ምን ትቆጥራለህ?” አለችኝ ቀና ሳትል።

“በግ” አልኳት።

“በግማ እስከ አምስት ብቻ አይቆጠርም።”

ሰኞ 17

አዛዡ ረቂቁን አነበቡ። ዶሮዋ ላይ ሳቁ፤ መበተኑ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ “ፉጨትስ?” አሉ።

አጣሪዎቹ ያሉትን ልጽፍ ነው አልኳቸው።

“ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ ‘ለመውጣት አልሞከረም’ ብለህ ልታነብ? አያምርም።” ጢማቸውን ዳሰሱ። “እንዲህ በለው። ከረግረጉ ማዶ ቤቶች ነበሩ። ሕፃናት ግቢ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። እሱ ወጥቶ አውሮፕላኑ ቤቶቹ ላይ ከሚወድቅ አብሮት መውረድን መረጠ።”

“ቤቶች ነበሩ እንዴ ጌታዬ?”

“ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ማን ያስታውሳል?”

ደግ ሰው ናቸው። ለሁሉም የሚሻለውን ነው የሚያስቡት። ለሁሉም ይሻላል፤ ለእሷም፣ ለስሙም። ለእኔም ያው ነው።

ረቡዕ 19

ጻፍኩት። አማረ። ቤቶቹን ነጭ አደረግኳቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣሁ። ካነበብኩት በኋላ ራሴም አመንኩት፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሐሙስ 20

አዛዡ የፉጨትን ፎቶግራፍ እንዳመጣ ወደ ባለቤቱ ቤት ላኩኝ። ሳልሄድ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ! ግን ሄድኩ፤ የጻፍኩትንም ገጽ ይዤላት ሄድኩ፣ ደስ ትሰኝበታለች ብዬ።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ወጥታለች። ክፍሏ በመጽሐፍና በካርታ ተጣቧል። መስኮቱ ላይ አንድ ሉል አለ፤ ብዙ ጣት ስለነካው ባሕሩ ነጣ ብሏል። እንደ ድሮው “አለቃ” ብላ ጠራችኝ፣ ወንበሩን ሳበችልኝ። ገጹን ሰጠኋት። ቆማ አነበበች፤ የተማሪ ፈተና ስታርም ይመስል አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

“አለቃ፣ እዚህ ቤት የለም።”

ጣቷ ያረፈበትን አየሁ፤ ነጮቹ ቤቶች ላይ ነው።

“ያኔ በሳምንቱ ሄጄ በእግሬ ዞሬዋለሁ። ከረግረጉ ማዶ ድንጋያማ ሜዳ ነው፣ ከዚያ ኮረብታ ነው። ልብስ የሚያሰጣ ሰው የለም፤ ፍየል እንኳን የለም። ይሄን ደግነት ያስተማሩዎት አዛዡ ናቸው አይደል?”

“እትዬ፣ እኛ እኮ—”

“እኔ ለምን እንዳልወጣ አውቃለሁ።” ተቀመጠች። “ያን ቀን ጠዋት ተጣላን። መብረሩን እንዲተው ስንት ዓመት ለመንኩት። ሁልጊዜ ‘የሚቀጥለው ዓመት’ ነው መልሱ። እኔም ‘ከዛሬ ወዲህ ብትመጣም ባትመጣም ለእኔ አንድ ነው’ አልኩት። ደረጃውን ሲወርድ ሁሌ ያፏጭ ነበር። ያን ቀን አላፏጨም። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፤ ጊዜ ነበረው፣ ወንበሩም ደህና ነበር። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እኔ ስላልኩት።”

 ሉሉን አየሁ፣ መሬቱን አየሁ።

“አውሮፕላኑን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት” አለችኝ። “አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ወንበሩ ደህና ነበር?”

“ደህና ነበር” አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ፎቶግራፉን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ዝናብ እንዳይነካብኝ ጃንጥላም አበደረችኝ። ያ ጃንጥላ ቤት እስክደርስ ከበደኝ።

እሑድ 23

ትኩሳት። ምግብ አልወርድ አለኝ። እህቴ በሩ ላይ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት፦ “ምን እንደያዘው አላውቅም። አምስት ይላል፣ ስድስት ይላል፣ ከዚያ ያቃስታል። በደህናው ጊዜ እንኳ ሒሳብ አይሆንለትም።”

ረቡዕ 26

ዛሬ ተሻለኝ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣሪያው ላይ ተኝቷል፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። አሁን ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ያን ቀን ግን ፉጨት የሚበረው በራሱ በአራት ሳይሆን በቁጥር ዘጠኝ ነበር። መሰላሉ ላይ ቆሜ ቀበቶውን አሠርኩለት። መጀመሪያ ሁልጊዜ የምነቅለው ከጭንቅላቱ ጀርባ ያለውን ነው፤ እጄ እንዲያ ነው የለመደው። ነቀልኩና ኪሴ ከተትኩ። ወዲያው ከሥር ዘይት ይፈሳል ብለው ጮኹ። ዘጠኝ ቀረ፤ ቶሎ ወደ አራት ተባለ። ፉጨት ዘሎ ወርዶ በዝናብ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። ያኛውን ፒን ከኪሴ አላወጣሁትም። እንደገና መሰላል፣ እንደገና ቀበቶ። የራስጌውን ነቅያለሁ። እጄ ነቅያለሁ ብሎ ያምናል። ነቅሎታልም፣ ከሌላ አውሮፕላን። ወርጄ አምስቱን ነቀልኩ፤ ኪሴ ውስጥ ካለው ጋር ደመርኩ፤ ክንፉ ፊት ቆሜ ከፍ አደረግኩ።

ስድስት ነበሩ። ስድስት ሆነው ዝናብ ውስጥ ተንጠልጥለዋል። ቆጠረ። ከንፈሩን አላሾለም፤ እንደ ማንም ሰው አውራ ጣቱን አነሳ። ዝናቡ ነው ብዬ አለፍኩት።

መንደርደሪያውን እንደለቀቀ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ድምፅ የሌለው አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲሄድ እንዴት ያምራል! ይሄን ማሰቤን እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩትም። ቀስ ብሎ ዞረ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፣ ረግረጉ ውስጥ ገባ። አልተቃጠለም። ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ የነፍስ አድን መኪናው በመንገዱ ሲዞር እኔ ጭቃውን አቋርጬ ሮጥኩ።

ሞቶ ነበር፣ ፊቱ ግን ምንም አልሆነም። ከጭንቅላቱ ጀርባ ቀዩ ሪባን አለ። ሁለት እጆቹ እጀታው ላይ ናቸው። እየሳበ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ፤ እጆቹን ጭኑ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ፒኑን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ሌሎቹ ሲደርሱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው ያገኙት።

በቆጠራ ጊዜ የዘጠኝም ስድስት፣ የአራትም ስድስት። አንድም አልጎደለም። በማግስቱ አዛዡ ለጥንቃቄዬ በሰልፍ ፊት አመሰገኑኝ።

የተሳሳትኩት እጄ ስለለመደ ነው፤ ይሄ በማንም ላይ ይደርሳል እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ጣቶቹን ማላቀቄ ግን ልማድ አልነበረም። አስቤ ነው ያደረግኩት።

ዓርብ 28

ለአዛዡ ነገርኳቸው። ድመቷ ጭናቸው ላይ ነበረች፤ ተናግሬ እስክጨርስ እያሻሿት ቆዩ።

“ለምን አሁን?” አሉ በመጨረሻ።

“ስለጠየቀችኝ።”

“የአጣሪዎቹን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወንበሩን እንኳ ሄጄ አላየሁትም። አንተ ያዘጋጀኸው ነው፣ ምን ይጎድለዋል ብዬ ፈረምኩ።” ድመቷን ማሻሸት አቆሙ። “ስኳድሮኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርሯል። አሁን በአንድ ፒን ሊታወስ ነው? ድንጋዩ ተቀርጿል፣ ሰዎቹ ከያሉበት መንገድ ላይ ናቸው። ታሪኩ ውስጥ አታስገባው። ትዕዛዝ ነው።”

“ለእሷስ?”

 ድመቷን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስወጣ ሰላምታ አልሰጠኋቸውም፤ ረስቼ ነው እንጂ ንቄ አይደለም።

እሑድ 30

ለእህቴ ነገርኳት። ኮሌታ እየገለበጠች ነበር። መኪናዋን አቆመች፤ ስታቆም ቤቱ ጭር አለ።

“ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?” አለችኝ። “እኔ ባል አልሞተብኝ።”

“ከነገርኳት ትጠላኛለች።”

“ትጥላህ! አንተን ብትጠላ ይሻላል፣ ራሷን ከምትጠላ።” ክሩን በጥርሷ በጠሰች። “አንተ ወንድሜ ነህ፤ ምንም ብትሆን ምሳህን አቀርብልሃለሁ። ግን ነገ ዛሬ እያልክ እዚህ ቤት ውስጥ ስትቆጥር መስማት ሰልችቶኛል።”

 ፈራሁ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አሁንም እንደ ልጅ መደበቂያ አማረኝ።

ማክሰኞ 2፣ አዲሱ ወር

ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ሰማይ ይታይበታል። ጃንጥላዋን መለስኩላት። ይቀመጡ ስትለኝ አልቀመጥም አልኩ፤ ከተቀመጥኩ ወሬ ይመጣና ነገሩ ይጠፋብኛል።

“ወንበሩ ደህና አልነበረም” አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ዘጠኝን፣ አራትን፣ ኪሴን፣ ስድስቱን፣ ረግረጉን። ምላሴ አልተሳሰረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቆለፈ ነገር እንዲህ ባንዴ መውጣቱ ገረመኝ። እሷ ቆማ እያዳመጠች ሉሉን በአንድ እጇ ይዛ ነበር፣ እንዳይሽከረከር የያዘችው ይመስላል።

“እጆቹ የት ነበሩ?” አለች።

“እጀታው ላይ።”

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

“ያሳዩኝ።”

ወንበሩን ሳብኩና ተቀመጥኩ። እግሮቼን ገጠምኩ፣ ሁለት እጆቼን በጉልበቶቼ መሃል ጨብጬ ወደ ላይ ሳብኩ፤ ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ። መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። እጆቼን ከቅርብ አየቻቸው፣ አልነካቻቸውም።

“እንዲህ ነበር ያገኙት?”

“እንዲህ ነበር። የጓንቱ መዳፍ ተቀዷል።”

“በኃይል ስቧል ማለት ነው።”

“በኃይል ስቧል።”

“ስለዚህ ሊመጣ ነበር” አለች። “ወደ ቤት ሊመጣ ነበር።”

መሬቱ ላይ እንደተንበረከከች አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ያለ ይሉኝታ። እኔ እጆቼን ለመልቀቅ ፈራሁ፤ እንደጨበጥኩ ቀረሁ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ወጣች፣ ገባች። ስትጨርስ ፊቷን በመዳፎቿ ጠርጋ ተነሳች፤ ድምፅዋ ሌላ ሆነ።

“ሠላሳ አንድ ዓመት ያውቁ ነበር።”

“አውቅ ነበር።”

“ልጄ ‘አባቴ ለምን አልወጣም?’ እያለች ነው ያደገችው። እኔ አትጠይቂኝ እላታለሁ። ምን ልበላት? ‘እኔ አትምጣ ብዬው ነው’ ልበላት? አሁን መጠየቁን ትታለች። መምጣቱንም ትታለች።”

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሳች።

“ያንን ቃል ዛሬ አይበሉኝ። አልፈልገውም። ቅዳሜ ታሪኩን የሚያነበው ማን ነው?”

“እኔ።”

“እኔ ነኝ የማነበው። አሁን የነገሩኝን እንዳለ ይጻፉት፣ ነጭ ቤት የለ፣ ምን የለ። አዛዡ ቢቆጡ ወደ እኔ ይምጡ። ልጄን እጠራታለሁ፤ ሌላ ሁሉ ቢቀር ለዚህ ትመጣለች። እርስዎም ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከእሷ አጠገብ ይቀመጣሉ። እጆቹን ስትጠይቅዎ ያሳዩአታል።”

“እሺ” አልኩ።

“አሁን ይሂዱልኝ።”

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጻፍኩት። አንድ ገጽ አልሞላም። ከዚያ እህቴ ዘንድ ሄጄ ለቅዳሜ ነጩን ሸሚዜን እንድትተኩስልኝ ለመንኳት። እሺ አለች፤ ምንም አልቀለደችም።